ቆርኪ የሚሰበስብ ልጅና የአያቱ ጠገራ ብር

በመቱ ወይም በበደሌ የሚያድግ የስድስት ዓመት ልጅ ኪሱ ቢበረበር ባዶ ሆኖ አይገኝም። ቆርኪ ይወጣል፣ ብይ ይወጣል፤ ከማስቲካ የተረፈ የኳስ ተጫዋች ምስል፣ ከሶር ወንዝ ዳር የተለቀመ ለስላሳ ጠጠር፣ አንዳንዴም የማን እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ ይወጣል። ቆርኪዎቹን መሬት ላይ ዘርግቶ "ይሄ ሁለት አለኝ፤ ያኛው ግን ይጎድለኛል" ማለት ከጀመረ ሰነባብቷል። ቢራ ፋብሪካ ባለባት በደሌማ የበደሌ ቆርኪ ለመለዋወጥ ብዙም ባይፈለግ አይገርምም፤ ሁሉም ጋ አለና። እናት ልብስ ልታጥብ ስትል ይህን ሁሉ "ኮተት" ብላ ትደፋዋለች። ልጁም ያለቅሳል። ለይቶ፣ ቆጥሮ፣ አወዳድሮ ያስቀመጠው ነገር ነው የተደፋበት።

ሰብሳቢ ማለት ይኸው ነው። አዋቂዎቹ ከዚህ ልጅ የሚለዩት በዕድሜና በአቅም ነው። ቴምብር፣ አሮጌ ሳንቲም፣ የወረቀት ብር፣ ፖስት ካርድ ይሰበስባሉ፤ በብዙ አገር ደግሞ ያላቸውን ደርድረው የሚተያዩበትና የሚለዋወጡበት ቀን ይቀጥራሉ። ወላጅ ትንሽ ልጁን ይዞ እንዲህ ዓይነት ትርኢት ሲሄድ የሚገጥመው ችግር በየትም ተመሳሳይ ነው። ጠረጴዛው ከልጁ ግንባር በላይ ነው፤ ዕቃው አይነካም፤ ወሬው የትልልቅ ሰው ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ልጁ "እንሂድ" ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ኢሉባቦር ውስጥ ነገሩ ለወላጅ ይቀላል። እዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ስብስብ ያለው በሰው ቤት፣ በአያት ሣጥን ውስጥ ነውና ትንሽ ልጅን ከትርኢት ጋር ማስተዋወቅ የሚጀመረውም ከዚያው ነው። ቀጥሎ የትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን አለ፤ ከዚያም ምናልባት የአዲስ አበባ ሙዚየም።

አሮጌ ብር በዚህ አካባቢ ሣጥን ውስጥ እንዴት እንደገባ ለማወቅ የቡናን መንገድ መከተል ይበቃል። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ተከፈተ። የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን እየወረደ ጋምቤላ ይደርሳል፤ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ በሶባትና በነጭ ዓባይ ወደ ካርቱም ይሄዳል። ከዚያ በኩል ጨርቅና ጨው ይመጣል። ሒሳቡ የሚወራረደው በጠገራ ብር ነው። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ጎሬ ከተሙ፤ እንግሊዝም ቆንስል አስቀመጠች። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሀገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ጎሬ ነበረች፤ ጋምቤላም ላይ ወኪል ነበረው። ጣሊያን ሲወርና አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ደግሞ ጎሬ ለጥቂት ወራት የመንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ጠላት የገባባት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጭር ያለችውን ከተማ ላየ ሰው ይህ ሁሉ ተረት ሊመስለው ይችላል።

ይህን ታሪክ ለአምስት ዓመት ልጅ አትንገሩት። ለእናንተ ነው የጻፍኩት። አብዛኛውን የሙዚየም ጉብኝት የምናበላሸው እኛ ነን፤ ልጁ ገና ዕቃውን ሳያየው ስለ ዕቃው ንግግር እንጀምራለን። ለልጁ ጠገራ ብሩን እጁ ላይ አስቀምጡለትና ዝም በሉ። መጀመሪያ የሚለው "ይከብዳል!" ነው። ትምህርቱም ከዚህ ይጀምር። ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ የዛሬው ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም ሰባት ግራም እንኳ አይሞላም። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ባለ ሱቅ ሚዛን ቢያበድር፣ በአንዱ ወገን ጠገራውን፣ በሌላው የአንድ ብር ሳንቲሞችን እየጨመሩ ስንት ሲሆን እንደሚስተካከል ልጁ ራሱ ይድረስበት። አራት አካባቢ ሲሆን ሚዛኑ ይቀራረባል።

ከዚያ ጣቱን በብሩ ጠርዝ ላይ ያሂድ። ጠርዙ ለስላሳ አይደለም፤ በላቲን "በፍትሕና በምሕረት" የሚል ቃል ጎልቶ ተመትቶበታል። በአንድ ፊቱ ሴት አለች፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ትሬዛ ናት። በሌላው ፊቱ ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፤ ሁለት ራስ ያለው ወፍ ያየ ልጅ ደግሞ ሌላ ማባበያ አያስፈልገውም። ድሮ ነጋዴዎች ብሩን ከመቀበላቸው በፊት በሴትዮዋ የራስ ጌጥና በትከሻዋ መርፌ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይመረምሩ ነበር፤ ከተፋቁ ወይም ካልታዩ ብሩ ይመለሳል። ልጁም ይቁጠር። አያትዬው ሦስት ብር ካላቸው ሦስቱንም ይቁጠር፤ እኩል ያልወጡ እንደሆነ ለምን እንደሆነ ራሱ ይገምት።

ትንሽ ከፍ ላለ፣ ቁጥር ለለመደ ልጅ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ አለ። ሁሉም ጠገራ ብር 1780 ይላል። ሴትዮዋ የሞተችው በዚያው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያንኑ ዓመት እየተሸከመ ሲመታ ኖረ፤ መጀመሪያ በኦስትሪያ፣ በኋላም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ። ገበያው የሚያምነው ያንን መልክ ብቻ ስለነበር ዓመቱን የደፈረ አልነበረም። ጣሊያን እንኳ ለወረራ ሲዘጋጅ የብሩን መምቻ ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ አስመትቷል፤ በሊሬ የሚሸጥለት ገበሬ እንደማያገኝ ገብቶታል። ስለዚህ አያትዬው ሣጥን ውስጥ ያለው ብር የተመታው በእቴጌዋ ዘመን ይሁን በጣሊያን ጊዜ፣ ዓመቱን በማንበብ ብቻ አይታወቅም። ልጆች ዕቃ ሊዋሽ እንደሚችል ሲሰሙ በጣም ደስ ይላቸዋል።

የምኒልክ ብር ከተገኘ (ከጠገራው ይልቅ ብርቅ ነው) ልጁ አንበሳውን ይፈልግ። ፓሪስ ተመትቶ ከመጣው ከዚህ ገንዘብ አንዳንዱ ላይ አንበሳው ግራ እግሩን፣ አንዳንዱ ላይ ቀኝ እግሩን ያነሳል። የትኛውን እንዳነሳ ለማወቅ ልጁ ራሱ እንደ አንበሳ ሲቆም ታዩታላችሁ። ተዉት ይቁም።

ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር ነው፤ እዚህ ላይ የመቱ ልጅ አንድ ዕድል አለው። ትምህርቱን የሚጀምረው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ነው። ሳንቲም ላይ ያለው የግዕዝ ጽሑፍ ለእሱ የምስጢር ምልክት ነው፤ ምስጢር መፍታት ደግሞ የሰባት ዓመት ልጅ ሥራ ነው። ወረቀት ላይ ከ፩ እስከ ፲፣ ከዚያ አሥር አሥሮቹን እስከ ፻ ጻፉለትና ከሳንቲሞቹ ጋር ብቻውን ተዉት። አንበሳ ያለባቸው የሳንቲም ዝርዝሮች ላይ ፲፱፻፷፱ን ያገኛል፤ አሥራ ዘጠኝ መቶ፣ ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ። የአንድ ብሩ ሳንቲም ላይ ፳፻፪ን ያገኛል። ዜሮ የሚባል ምልክት የትም እንደሌለ ካስተዋለና "ዜሮው የት ሄደ?" ካለ መምህሩም ወላጁም መልስ ቢያዘጋጁ ይሻላል። በግዕዝ አጻጻፍ ፻ ራሱ መቶ ስለሆነ ባዶ ቦታ የሚሞላ ምልክት አላስፈለገም። የምኒልኩ ብር ላይ ፲፰፻፹፯ን ለብቻው ያነበበ ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ የአያቱን ሣጥን አይተዋትም፤ ይህን አስቀድማችሁ ለአያትየው ንገሯቸው።

ጠገራም የምኒልክ ብርም ያልተገኘበት ቤት ምን ይደረግ? የ1969ኞቹ ሳንቲሞች ብቻቸውን ለግማሽ ቀን ይበቃሉ፤ ሌባ የሚመኛቸውም አይደሉም። አንድ ሳንቲሟ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ፤ አምስት ሳንቲሙ ላይ ጠብመንጃ የያዘ ሰው፤ አሥሩ ላይ የደጋ አጋዘን፤ ሃያ አምስቱ ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት። ሁሉንም ቆልላችሁ "አራሹን አምጣልኝ" በሉት። ከነዚህ ቀደም ብሎ በጃንሆይ ዘመን የነበረው ሃያ አምስት ሳንቲም ደግሞ ተረት አለው። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ አጭበርባሪዎች መዳቡን ብር እየቀቡ ሃምሳ ሳንቲም ነው ብለው ማሳለፍ ሲጀምሩ ዙሪያው እንደ አበባ ቅጠል እንዲቆራረጥ ተደረገ። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ብቻ ይለየዋል። ከወረቀት ብር ደግሞ አምስት ብሩ ላይ ቡና የሚለቅመውን ሰው አሳዩት። በ2013 ዓ.ም. አሥር፣ ሃምሳና መቶ ብሩ ሲቀየሩ አምስት ብሩ ባለበት የቀረ ነው። የያዮ ወይም የሁሩሙ ልጅ ያንን ሥዕል አይቶ ስህተት ከመፈለግ አይመለስም፤ ለቀማ በቤቱ ያውቃልና።

አሁን ስለ አያያዝ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አጠገብ ሳንቲም አትዘርጉ፤ ይውጠዋል። ከዚያ በላይ ያለው እጁን ታጥቦና አድርቆ ይምጣ፤ ሳንቲሙን በጠርዙ ይያዝ፤ የሚቀመጠው መሬት ላይ፣ ጋቢ ወይም ወፍራም ጨርቅ ተነጥፎ ይሁን። ጠረጴዛ ላይ የወደቀ ሳንቲም ይጫራል፤ ጋቢ ላይ የወደቀ ምንም አይሆንም። ትልቁ አደጋ ግን የሚመጣው ከትልልቆች ነው። እንግዳ ሊመጣ ነው ተብሎ ብሩ በአመድና በሎሚ ይፈተጋል! ያበራል፤ ግን በዚያው ፍተጋ ፊቱ ይፋቃል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ጠቁሮ የኖረ ብር ጥቁረቱ ዕድሜው ነው።

ቤቱ የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱን ልጁ አስቀድሞ ይወቅ። "አባባ፣ ልንካው?" ብሎ ይጠይቅ፤ በሁለት እጁ ይቀበል፤ በሁለት እጁ ይመልስ። አንድ ሽማግሌ አደራ ያሉትን ነገር እንዲያወጡ የሚያደርጋቸው የልጅ ጨዋነት ነው፤ የወላጁ ጉትጎታ ብዙ ጊዜ ሣጥኑን ያዘጋል። ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ። ቆሎውን ከሳንቲሙ በፊት ይብላ።

ቴምብር ከሳንቲም ይልቅ በቀላሉ ይበላሻል፣ ለትንሽ ልጅ ግን የበለጠ ሥራ ይሰጠዋል። አሮጌ ፖስታ ከተገኘ ቴምብሩ ያለበት ጥግ በመቀስ ይቆረጥና ለብ ያለ ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ይቀመጥ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሙጫው ይለቅና ቴምብሩ ከወረቀቱ ተለይቶ ይንሳፈፋል። ልጁ መጎተት የለበትም፤ መጠበቅ ነው ያለበት፤ ይህ ለአንዳንዱ ልጅ ከባድ ፈተና ነው። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርቅና ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ይተኛ። የኢትዮጵያ ፖስታ የተመሠረተው በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ አዋጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ዓይነት ነበሩ፤ ሥዕሉን የቀረጸው ኤዥን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ በአራቱ ላይ ምኒልክ፣ በሦስቱ ላይ አንበሳ አለ። ያንን ሰባት በእጁ የሚያገኝ ልጅ የለም፤ የሰማንያዎቹንና የዘጠናዎቹን ቴምብሮች በወፍ፣ በአበባ፣ በሰው ለይቶ መደርደር ግን ማንም ይችላል። ደብዳቤው ላይ የጎሬ ወይም የመቱ ማህተም ካለበት ቴምብሩን አትቁረጡት። ፖስታው እንዳለ ይቀመጥ፤ እንዲያ ሲሆን ነው ለሰብሳቢ የሚጠቅመው።

በዚህ አካባቢ የቴምብር ጠላት ዝናቡ ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ወር በሚዘንብበት አገር የቴምብር ሙጫ እርጥበት ይስብና ቴምብሮቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ወረቀቱም ይሻግታል። ከምድጃ በላይ ያለው ቆጥ ደረቅ ነው ተብሎ እዚያ የሚቀመጥ ነገር ደግሞ ጭስ ይጠጣል። ክዳኑ የሚገጥም የብስኩት ቆርቆሮ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ፀሐይ በወጣ ቀን ተከፍቶ የሚናፈስ፤ ይኸው ይበቃል።

አዲስ አበባ ዋናው ፖስታ ቤት ግቢ ውስጥ በ1967 ዓ.ም. የተከፈተ የፖስታ ሙዚየም አለ፤ ብሔራዊ ባንክም የገንዘብ ሙዚየም አለው። ሁለቱም መታየት አለባቸው፤ ነገር ግን ለእነሱ ብቻ ብሎ ትንሽ ልጅን ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ መውሰድ ለልጁ ቅጣት ነው። ለዘመድ ጥየቃ በሄዳችሁ ጊዜ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ውሰዱት። ሁሉንም እንዲያይ አታድርጉ። ከቤት ሳትወጡ አንድ ነገር እንዲፈልግ ስጡት፦ "የአያትህን ብር የሚመስል ካለ አግኝልኝ።" ካገኘ በኋላ ቢወጣ በቂ ነው።

እዚሁ በመቱና በበደሌ ለሚደረግ የትምህርት ቤት ትርኢት የሚስማማው ቀን ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን ሲያከብሩ ነው፤ የባህል ዕቃ ይደረደራል፣ ወላጅ ይመጣል። የታሪክ ክበቡ እዚያው ጥግ ላይ የገንዘብና የቴምብር ጠረጴዛ ቢጨምር አዲስ በጀት አይጠይቅም። ጠረጴዛው ግን የተማሪ አግዳሚ ወንበር ያህል ዝቅ ይበል። ውድ ዕቃው ከመስታወት በታች ይሁን፤ ከጎኑ ልጅ እንደፈለገ የሚያገላብጣቸው ተራ ሳንቲሞች ሳህን ሙሉ ይቀመጡ። አሞሌ ጨው የሚያገኝ ካለ ያምጣ፤ ጨው ገንዘብ ነበር ሲባል ያላመነ ልጅ ሁሉ ሊልሰው ስለሚሞክር ጠባቂ ያስፈልገዋል። አንድ ጠረጴዛ ደግሞ ለልጆቹ ራሳቸው ይተው፤ ቆርኪያቸውንና የኳስ ተጫዋች ምስላቸውን አምጥተው የሚለዋወጡበት። እኔ ብጠየቅ ከሁሉ በፊት የማዘጋጀው ያንን ጠረጴዛ ነው። በገዛ ቆርኪው የተደራደረ ልጅ የአዋቂዎቹን ጠረጴዛ የሚያየው እንደ እኩያ ነው። ትልቅ ልጅ ትንሹን እንዳያታልል አንድ መምህር አጠገባቸው ይቁም፤ "ከቤት ጠይቄ ነው ያመጣሁት" ያላለ ልጅ ከቆርኪ በቀር ሌላ ነገር እንዳይለውጥም ይከልክል። አለዚያ የአኮ፣ የሴት አያቱ፣ የአንገት ብር በሦስት ብይ ሊሄድ ይችላል።

ከሁሉም ጉብኝት በኋላ ልጁ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ "ስንት ያወጣል?" አታሳፍሩት፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ጠገራ ብር በመቶ ሚሊዮኖች የተመታ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ዋጋው በውስጡ ካለው ብር ብዙም አይርቅም፤ ይህን እንቅጩን ንገሩት። የምኒልክ ብር የተሻለ ይፈለጋል፤ የተፈተገና የተበሳ ደግሞ ያነሰ። ከዚያ ጥያቄውን ወደ አያት መልሱት፦ "አባባ፣ ያኔ በዚህ አንድ ብር ምን ይገዛ ነበር?" ከዚህ በኋላ ያለውን ወሬ ማንም መምህር አይተካውም፤ በስልክ መቅዳት ግን ይቻላል።

ብሩን እገዛለሁ የሚል እንግዳ የመጣ እንደሆነ ግን ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። አንድ ዕቃ ቅርስ መሆን አለመሆኑ ካጠራጠረ ከመሸጥ በፊት የዞኑን ባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት መጠየቅ ነው። አያትዬው ራሳቸው ለልጅ ልጃቸው አንድ ብር ለመስጠት ከወሰኑ ደግሞ በዚያው ቀን ትንሽ ወረቀት ተጽፎ ከብሩ ጋር ፖስታ ውስጥ ይግባ፦ ማን እንደሰጠ፣ እሳቸውስ ከማን እንዳገኙት፣ በየትኛው ከተማ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት። ልጁ መጻፍ የቻለ ከሆነ በራሱ እጅ፣ በቁቤ ይጻፈው፤ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ማድረግ ከፈለገም ማንም አይከልክለው።